የልብ ልክ

ልብስ ሰፊዋ መሮጥ የጀመረችው በአርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያውም ወዳ ሳይሆን ሐኪም አዟት። «ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው ይውላሉ፤ የደም ግፊትዎ ደግሞ ከፍ ከፍ ማለት ጀምሯል። እባክዎ ይንቀሳቀሱ» አላት። ሰውየው ይንቀሳቀሱ ሲል በእግር መሄድ ማለቱ ነበር። እሷ ግን ነገር ግማሽ ግማሽ አይሆንላትም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የባለቤቷን ሹራብ ለብሳ ከሰፈራቸው በታች ወዳለው ኩሬ ወረደችና፣ ከኋላዋ ውሻ የለቀቁባት ይመስል ተፈተለከች።

አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሮጠች። ኩሬውን የሚዞረው የጠጠር መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። እሷ ግን ከእንጨት ድልድዩ አልፋ ሮጣ አታውቅም። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጉሮሮዋ ይደርቃል፣ ጎኗን ይወጋታል፣ ልቧ በአፏ ሊወጣ ይደርሳል። ያኔ መደገፊያውን ይዛ ታለከልካለች፤ ትንፋሿ ሲመለስላት ቀሪውን እየተጎተተች ትጨርስና ወደ ሱቋ ትሄዳለች። ሩጫ ማለት ይሄው ነው ብላ ተቀብላው ነበር።

አንድ ነገር ግን አልዋጥላት አለ። ዚፕ መትከል በተማረች ጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል፤ በወሩ ከሰው ጋር እየተጨዋወተች ትተክለው ጀመር። ሰው አንድን ነገር በየቀኑ እየሠራ እንዴት ትንሽ እንኳ አይሻሻልም? ድልድዩ ዛሬም እዚያው፣ እሷም እዚያው። ነገር ካልገባት ደግሞ ዕረፍት የላትም፤ የቆመ ስፌት መኪና ለጠጋኝ ከመስጠቷ በፊት ራሷ ፈትታ ማየት አለባት።

ጥያቄውን ለታናሽ እህቷ አነሳችላት። ታናሽ እህቷ ነርስ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗት፣ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሲስተር» እያለ አንቱ ሲላት፣ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ «ሚጡ» ነው የሚላት። እናታቸው ስታርፍ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበረች፣ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት ልብስ ሰፊዋ ናት።

ሚጡ ጥያቄውን ይዛ ሄደች። በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ የእጅ ሰዓትና የሚለጠጥ የደረት ቀበቶ ነበር።

«ይሄ ከጡትሽ ሥር ይታሰራል፣ እትዬ። ልብሽ በደቂቃ ስንቴ እንደሚመታ ይቆጥርና ለሰዓቱ ይነግረዋል። ሰዓቱ ደግሞ በቀለም ያሳይሻል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፦ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። አምስት ዞን ነው የሚባለው። ልብሽ ከአቅሙ ምን ያህሉን እየሠራ እንደሆነ ነው የሚነግርሽ።»

«ቀዩ የጎበዝ ነው?»

«ነገ እንደ ወትሮሽ ሩጪና አሳዪኝ።»

በማግስቱ አሳየቻት። ከመጀመሪያው ሁለት መቶ ሜትር በስተቀር ሁሉም ቀይ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ክር የተጎተተበት ጨርቅ ይመስላል። ሚጡ አልሳቀችም። ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አድርጋ ቆየችና «አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሮጥሽው?» አለች።

«በየቀኑ።»

«ባልሽ የሚሾፍረውን አውቶቡስ ሜዳውንም ዳገቱንም በአንደኛ ማርሽ ነዳጁን ረግጦ ቢነዳው ሞተሩ ምን ይሆናል?»

«ይቃጠላላ።»

«በቃ፣ እንደዚያ ነው። ከነገ ጀምሮ ሰማያዊው ውስጥ ብቻ። ከመቶ ሃያ እንዳታልፊ። ወሬ እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።»

«ቀስ ብዬ ሮጬ ልፈጥን?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ነገሩ ተረብ መሰላት። ግን ለማየት ጓጓች።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ተሸማቀቀችው ተሸማቃ አታውቅም። አሥር እርምጃ ሮጣ ሳትጨርስ ሰዓቱ ጥዝ ይላል፤ መቶ ሃያ ሦስት። ትራመዳለች። ሲወርድ ትሮጣለች፤ ጥዝ ይላል። ጡረታ የወጡ ሦስት ሴትዮዎች ምርኩዛቸውን እያንቋቁ «በርቺ!» ብለው አለፏት። ዳክዬዎቹ እንኳ የሚያሾፉባት መሰላት።

ኩሬው ዳር በየጠዋቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚዞር አንድ ሽማግሌ አለ። ጡረታ የወጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ አላፊ አግዳሚው «መምህር» ይለዋል። ሁለት ጊዜ ካለፋት በኋላ ቆም ብሎ ጠበቃት።

«ልጄ፣ ሰዓትሽን በየደቂቃው የምታዪው የቀጠርሽው ሰው ቀርቶብሽ ነው?»

«ልቤን ነው የማየው፣ መምህር» አለችና ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው።

የሽማግሌው ዓይን በራ። «እና ይሄን ሁሉ ቁጥር የት ነው የምትጽፊው?»

«የትም አልጽፈውም።»

«የትም! ይሄማ ኃጢአት ነው!» አለ። በማግስቱ ባለ ካሬ ወረቀት ደብተር ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አብረው ይዞሩ ጀመር፤ እሱ እየተራመደ፣ እሷ እየሮጠችና እየተራመደች። መቶ ሃያን ሳታልፍ ኩሬውን ለመዞር አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ድልድዩን ሳትቆም ተሻገረችው፤ ሱቋም ስትገባ እግሯ አልከበዳትም። ሁሉንም ጻፉት። እንቅልፍ ያጣች ቀን ልቧ በሰባት ምት ከፍ ይላል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ በአራት። ተናዳ ከቤት የወጣች ቀን ገና ሳትሮጥ ሰማያዊው ውስጥ ትገባለች።

ቀበቶውን ማውለቅ ረስታ ሱቅ የዋለች ቀን ደግሞ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። ጠዋት አማቷ መጡ። እኚህ ሴትዮ ሲመጡ ምራታቸው እንደምትርበተበት አገር ያውቃል፤ እሷም ራሷ የምታውቀው እንደዚያ ነበር። ሴትዮዋ መጋረጃው ተንሻፏል፣ ልጄ ከስቷል፣ ይሄ ሱቅ አቧራ በአቧራ ሆኗል እያሉ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲወርዱባት ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ሰባ አንድ። «ለካ እኚህን ሴትዮ አልፈራቸውም!» አለች በሆዷ፤ እና ሳቋ አመለጣት። አማቷ ጤናዋን ጠርጥረው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ሐር አመጣች። ልብስ ሰፊዋ ልክ ወስዳ፣ በጠመኔ አስምራ፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መቀሷን አነሳች። ሰዓቱ ጥዝ አለ። መቶ ሃያ ሁለት። ቆማ! መቀሱን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ፊቷ አይለወጥም። ውስጧ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት እንደ ጀማሪ ሲፈራ ኖሯል። የመጀመሪያውን ቅድ ስትቀድ ቁጥሩ ወረደ፤ ሰማንያ አራት።

ይህን ለመምህር ስትነግረው ሽማግሌው መንገድ መሃል ቆሞ ሳቀ። «ሰውን ሃምሳ ዓመት አብረሽው ኖረሽ ላታውቂው ትችያለሽ ሲባል ስለ ባል ነበር የሚመስለኝ» አለ።

በሁለተኛው ወር ላይ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ጠዋት ዝናብ አባረራትና ወደ ውኃ ታንከሩ የሚወጣውን ዳገት ሮጣ ወጣችው። ሰዓቱ መቶ ሰማንያ ሦስት አሳየ። ያው ሰዓት ግን ከፍተኛ የልብ ምትሽ መቶ ሰባ ሁለት ነው ይላል። እዚያው ታንከሩ ሥር ተጠልላ ለእህቷ ደወለች።

«ሚጡ፣ ከጣሪያዬ በላይ ወጥቼ ነው የተመለስኩት።»

«ጣሪያው እኮ ግምት ነው። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜሽን መቀነስ ነው።»

«ለሁሉም ሰው?»

«ለሁሉም ሰው።»

«ለቀጭኑም ለወፍራሙም? እንዲህማ ከሆነ ይሄ ከመደብር የሚገዛ ልብስ ነው! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርቼ የኖርኩት የአንዷ ትከሻ ለሌላዋ ስለማይሆን ነው። የራሴን ልክ ነው የምፈልገው።»

«የራስሽን ልክ ለማግኘት እስከ መጨረሻው መሮጥ አለብሽ። ያለ ምርመራ ደግሞ አልፈቅድም» አለች ሚጡ። ልብስ ሰፊዋ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች፤ ደረቷ ላይ ገመድ ለጣጥፈው መረመሯት፤ ጤነኛ ነዎት ተባለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ዳገቱ ሥር ተገናኙ። መምህር ደብተሩን ይዟል። ሚጡ ከሥራ ነበር የመጣችው፤ ነጭ ሱሪዋን እንደለበሰች፣ በዚያ በቀጭኑ የሆስፒታል ጫማዋ። ሩብ ሰዓት አሟሟቀቻት። ከዚያ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ጠንከር ብላ እንድትወጣው አደረገቻት፤ «ሦስተኛውን ያለሽን ሁሉ ስጪው» አለቻት።

ሦስተኛውን ስትወጣ ዳገቱ መሃል ላይ የልብስ ሰፊዋ ጉልበት ከዳት። በቃኝ ልትል አፏን ስትከፍት ከጎኗ የእግር ኮቴ ሰማች። ሚጡ ነበረች። «ቀና በይ፣ እትዬ! ክንድሽን ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ጎትቺው! ከላይ ያለውን ምሰሶ እዪ!» እያለች ከጎኗ ትሮጣለች፤ ጫማዋ መሬቱን የነካውም አይመስል። አንዴም አላለከለከችም። ታላቅየዋ ሳንባዋ እሳት ሆኖ፣ ዓይኗ ተጋርዶ፣ በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ልብ አለች፦ ይቺ ልጅ ስትሮጥ ያምርባታል።

«መቶ ሰማንያ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ መምህር ከላይ። አሸናፊ የሚጠራ ዳኛ ይመስል ነበር።

ታንከሩ ሥር ተቀምጠው ሽማግሌው ሒሳቡን ሠራ። ሰማያዊው እስከ መቶ ሃያ ሳይሆን እስከ መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ምት ማለት ደግሞ በእሷ እግር በመራመድና በመሮጥ መካከል ያለው ልዩነት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በሰው ልክ በተሰፋ ልብስ ስትንገታገት ከርማለች ማለት ነው። መምህር ቁጥሮቹን እያነበበ ወደ ቤቱ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልተነሳችም። ልቧ አሁን ሌላ ነገር ላይ ነበር።

«ሚጡ፣ ሃያ ዓመት ያልሮጠ ሰው እንዲህ አይሮጥም።»

«ሠላሳ ሜትር ነው እኮ።»

«ይሄን ሁሉ ታውቂያለሽ። ቀለሙን ታውቂያለሽ፣ ክንዱን ታውቂያለሽ። ለእኔ ሰዓት ትገዣለሽ። አንቺ ለምንድን ነው የማትሮጪው?»

ሚጡ ከጫማዋ ላይ ጭቃ እየፋቀች ቆየች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የክለብ ሯጭ ነበረች፤ ተስፋ የተጣለባት ሯጭ። በዓመቱ ግን ተወችው። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

«አሰልጣኛችን አንድ ፊሽካና አንድ ቃል ብቻ ነበረው» አለች። «‹ጨምሪ›። ማክሰኞም ጨምሪ፣ ዓርብም ጨምሪ። ቀስ ብላ የሮጠች ልጅ እንደ አጭበርባሪ ነበር የምትታየው። መጀመሪያ አራት ወር እየፈጠንኩ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ኋላ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ እንዳለሁ አንገቴን ይዤ ልቤን እቆጥር ነበር፤ አርባ ስምንት የነበረው ስልሳ አራት ገባ። ምግብ ጠላሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለአሰልጣኙ ስነግረው ሳቀብኝ። ምን ሆኜ እንደነበር የገባኝ ነርስነት ስማር ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ስለ ልብ ሲያስተምሩን። ተነስቼ ወጣሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር፣ እትዬ።»

ይህን ያለችው ያለ ቂም ነው፤ እንዲያው የሆነውን ለመናገር ያህል። ልብስ ሰፊዋ ግን ነገሩ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። የበሩ መቃን፣ ክፍት የስፖርት ቦርሳ፣ ክስት ያለች ልጅ። እሷ ራሷ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፤ አፏ ላይ መርፌ ቁልፍ እንደ ያዘች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ለስንፍናሽ የበሽታ ስም አታውጪለት» ያለቻት ቃል። ሳትጮህ ነበር ያለችው። ቃሉን ተናግራ ወደ ስፌቷ ተመልሳ ነበር።

እጇን የእህቷ ትከሻ ላይ አደረገች። ከዚያ «ሳልለካ ነው የቆረጥኩሽ» አለች።

ሚጡ ሳቅ ልትል ሞከረች፤ ግን አልሆነላትም። ተያይዘው ዳገቱን ወረዱ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ለሦስት ሳምንት ሚጡ ድምፅዋ ጠፋ። ተረኛ ነኝ ትላለች፤ ደክሞኛል ትላለች። ልብስ ሰፊዋ አልጎተጎተቻትም። በአዲሱ ልኳ እየሮጠች፣ ከመምህር ጋር ቁጥሯን እየጻፈች ሰነበተች። በአራተኛው ቅዳሜ ኩሬው ጋ ስትደርስ እህቷ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። አዲስ የመሮጫ ጫማ አድርጋለች፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ ከሥሩ በወጉ አልተነሳም።

ልብስ ሰፊዋ የራሷን ቀበቶ ከደረቷ ፈትታ፣ እንደ ደንበኛ ሹራቧን ገለጥ አድርጋ ለእህቷ አሰረችላት፤ አጠበቀችው፣ ሰዓቱንም እጇ ላይ አደረገችላት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። መቶ ሃያ ስድስት።

«ቆመሽ?» አለች ታላቅየዋ።

«ተበላሽቶ ነው መሰለኝ።»

«አልተበላሸም። እኔም ሐር ልቆርጥ ስል እንዲሁ ነኝ። መጀመሪያውን ከቀደድሽው ይወርዳል።»

ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ከመራመድ ጥቂት ፈጠን ባለ አሯሯጥ። ልብስ ሰፊዋ አማቷ ስለ መጋረጃው ያሉትን አንድ በአንድ፣ በአማቷ ድምፅ አወራችላት። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቁጥሩ መቶ አራት ሆኗል። ሚጡ ደጋግማ አየችው። «ይሄም ሩጫ ነው?» አለች፤ ሌላ ሰው የጠየቃት ይመስል ራሷው መለሰች። «ነው።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ብዙ ወሬ የላቸውም፤ ሩጫው ራሱ ወሬ የሌለው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ጠንከር ያለ ዳገት፣ ቀሪው ዕረፍት። በስድስተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ በዚያው በመቶ ሠላሳ ሁለት ምት ኩሬውን በሃያ ስምንት ደቂቃ ዞረችው። አልተጣደፈችም፤ ስለ አንዲት ደንበኛዋ ወገብ እያወራች ነበር። ሐኪሙ ግፊቷን ለክቶ መሣሪያውን ተጠራጠረና በሌላ ደግሞ ለካ።

በስምንተኛው ወር ከተማው ውስጥ የሴቶች አሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። ሁለቱም ተመዘገቡ፤ ሚጡም በዚያን ጊዜ ለራሷ ሰዓትና ቀበቶ ገዝታ ነበር። ዕቅዱን ያወጣው መምህር ነው፤ ለልብስ ሰፊዋ እስከ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ አቅሟ። ሚጡ ከእትዬ ጎን አልለይም ብላ ምላ ተነሳች።

ሲጀመር ሰው ሁሉ እየተጋፋ አለፋቸው። ልብስ ሰፊዋ የቀድሞ ራሷን በየቦታው አየቻት፤ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ትከሻቸውን ሰቅለው የሚበሩ ሴቶች። በአራተኛው ኪሎ ሜትር እነዚያው ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ሲራመዱ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። በሰባተኛው ላይ ግን የሚጡ እግር ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። ሁለት እርምጃ ትቀድማለች፣ ትመለሳለች። ትቀድማለች፣ ትመለሳለች።

«ሂጂ» አለቻት ታላቅየዋ።

«አብረን ነው የምንጨርሰው።»

«ሚጡ፣ አንቺ እዚህ ጎኔ ሆነሽ መቶ ሠላሳ ላይ ነሽ። እኔ መቶ ሃምሳ ነኝ። እያስተዛዘንሽኝ ነው እንጂ እየሮጥሽ አይደለም። ሂጂ አልኩሽ!»

ሚጡ አንዴ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን በዓይኗ ተከተለችው፤ አንዷን አለፈች፣ አምስቱን አለፈች፣ አሥሩን፤ በመታጠፊያው ተሰወረች። ማንም አልጮኸባትም። ፊሽካም አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ በአንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ገባች። እህቷን መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፤ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ጉንጯ ላይ ላብ ደርቆ ነጭ ሆኖ፣ ትከሻዋ ገና ከፍ ዝቅ ይላል። ከጎኗ ዘጭ አለች።

«ምን ቀለም ነበርሽ?»

«መጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ቀይ። ደማቅ ቀይ» አለች ሚጡ።

«አሰልጣኙ ቢያይሽ ደስ ይለው ነበር።»

ሚጡ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ አላፊው ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ። ልብስ ሰፊዋም አብራት ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም ለመነሳት የሰው እጅ ፈለጉ።

አሁን ሚጡ ከሥራ ስትወጣ ሦስት ነርሶች አስከትላ ኩሬው ጋ ትመጣለች። ለአንዳቸውም «ጨምሪ» አትልም፤ ዝም ብላ የምትሮጥ ካለች ግን አጠገቧ ሄዳ ስለ ቤቷ ትጠይቃታለች፤ መልሱ በትንፋሽ ከተቆራረጠ «ቀስ በይ» ትላታለች። መምህርም የራሱን ሰዓት ገዝቷል፤ አራተኛ ደብተር ጀምሯል።

ከደብተሩ ውስጥ ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። የልብስ ሰፊዋ ልብ ሐሙስ ሐሙስ ከሌላው ቀን በአራት ምት ዝቅ ይላል። ሐሙስ ከሌላው ቀን በምን ይለያል? እንቅልፏ ያው፣ ምግቧ ያው፣ ሥራዋ ያው። ሚጡ አጋጣሚ ነው ትላለች። መምህር አጋጣሚ የሚባል ነገር አላውቅም ይላል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እየቆረጠች፣ ልክ እየወሰደች፣ ያንን ታስባለች፤ ትናንት አንዲት ደንበኛ ክንዷን ዘርግታ ስትጠብቃት፣ ሜትሩን በአየር ላይ ይዛ «ሐሙስ ምን አለ?» ብላ ጠይቃታለች።